ታፔላ ከመታተሙ በፊት ጽሑፉን እንዴት እናርመው?

«ታፔላ ላሠራ ነው፤ እስቲ ጽሑፉን እየው» የሚል መልእክት በየጊዜው ይደርሰኛል። ጥቂቶች ከመታተሙ በፊት ይልኩልኛል። አብዛኞቹ ግን ታፔላው ከተሰቀለ በኋላ ፎቶ አንሥተው «የሆነ ነገር ቅር ብሎኛል፤ ምን ጎደለው?» ይላሉ። ጥያቄው አንድ ዓይነት ስለሆነ መልሱን በቅደም ተከተል አስቀምጬላችኋለሁ። ለሱቅ፣ ለክሊኒክ፣ ለጋራዥ፣ በር ላይ ለሚለጠፍ ወረቀትም ሳይቀር ያገለግላል።

የሚያስፈልጋችሁ

- ነጭ ወረቀት፣ እስክሪብቶና ማስመሪያ
- የንግዱ ስም የተመዘገበበት ሰነድ
- የአማርኛ መዝገበ ቃላት
- ካሜራ ያለው ስልክ
- የታፔላው ስፋትና ቁመት በትክክል
- ጽሑፉን ከዚህ በፊት ያላየ አንድ ሰው

የመጨረሻው ትርፍ ነገር እንዳይመስላችሁ። ከዝርዝሩ ሁሉ ብዙ ስሕተት የሚይዘው እሱ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ጽሑፉን ለታፔላ ሠሪው በስልክ በቃል አትንገሩት። እሱ የሰማውን ይጽፋል። በጆሮ ደግሞ ሀ እና ሐ አይለዩም፤ «ይጠግናል» እና «ይጠገናል»ም በቀላሉ ይምታታሉ።

1. ጽሑፉን ሙሉ በሙሉ በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉ

ስሙን፣ የሥራውን ዓይነት፣ የሥራ ሰዓቱን፣ ስልክ ቁጥሩን፣ ሁሉንም። «ስልኩን በኋላ እልክልሃለሁ» አትበሉ። ተቆራርጦ የተላከ ጽሑፍ ተቆራርጦ ነው የሚታረመው፤ በኋላ የተጨመረችው መስመር ሳትታይ ትታተማለች።

ከዚያ ወረቀቱ ላይ ያለውን ስልክ ቁጥር እያያችሁ ደውሉ። ከቃላችሁ አትደውሉ። ከወረቀቱ ላይ አሃዝ በአሃዝ እያነበባችሁ ነው የምትደውሉት። የእናንተ ስልክ ከጠራ ቁጥሩ ትክክል ነው።

2. ቀንሱ

«ጥራት ያለው፣ አስተማማኝና ፈጣን አገልግሎት በተመጣጣኝ ዋጋ እንሰጣለን» ከሚለው ውስጥ አላፊ አግዳሚው የሚይዘው ነገር የለም። የምትሠሩትን ንገሩት፤ ይበቃል። ቃል በበዛ ቁጥር ስሕተት የሚገባበት ቀዳዳ ይበዛል፤ ፊደሉም ያንሳል።

በታፔላ ሥራ የተለመደው መነሻ በየ3 ሜትሩ ርቀት 2.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ የፊደል ቁመት መስጠት ነው። ከ12 ሜትር ርቀት እንዲነበብ የምትፈልጉት መስመር 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ይፈልጋል ማለት ነው። ለአማርኛ ከዚህ ከፍ ብታደርጉ እመክራለሁ። በእኛ ፊደል ለ፣ ሉ እና ሊ የሚለዩት በአንዲት ትንሽ ጭረት ነው። ከሩቅ ቀድማ የምትጠፋው እሷው ናት።

3. ተመሳሳይ ድምፅ ላላቸው ፊደላት አንድ ውሳኔ ስጡ

ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ ለጆሮ አንድ ናቸው። አንባቢ በእነሱ ምክንያት ትርጉም አይጠፋበትም። ችግር የሚሆነው በዚያው ታፔላ ላይ ከላይ «መድኃኒት»፣ ከታች «መድሐኒት» ሲጻፍ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲታዩ ማንም ሰው ጽሑፉ እንዳልታየ ያውቃል።

እንዲህ ወስኑ። የንግዱ ስም በሰነዱ ላይ እንደተጻፈው ይሁን፤ ፊደል አትቀይሩ። ሌላውን ቃል መዝገበ ቃላት ላይ እዩ። ያገኛችሁትን አጻጻፍ በታፔላው፣ በቢዝነስ ካርዱ፣ በማኅበራዊ ገጹ ላይ ሳትለዋውጡ ተጠቀሙበት። እኔ የመዝገበ ቃላቱን እመርጣለሁ፦ ሥራ፣ ዕቃ፣ ዓይን፣ ሐኪም፣ ሕፃናት፣ ሰዓት። ወጥ እስከሆነ ድረስ «ስራ» እና «እቃ» ብትጽፉም ማንም አይሳሳትም።

ወጥነቱ ለዓይን ብቻ አይደለም። ሰው ስማችሁን ስልኩ ላይ ሲፈልግ፣ ለኮምፒውተሩ ሐ እና ሀ ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። አንድ ቦታ በዚህ፣ ሌላ ቦታ በዚያ ከጻፋችሁት ፍለጋው ላያገኛችሁ ይችላል።

4. በመልክ የሚመሳሰሉ ፊደላትን አንድ በአንድ ለዩ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። በታፔላዎች ላይ ከሁሉም ደጋግሜ የማየው ስሕተት ያለው እዚህ ነው። እነዚህ ፊደላት ከተቀያየሩ ንባቡ ራሱ ይለወጣል፤ «ያው ነው» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ፕ እና ኘ። «ፕላስቲክ» ለማለት «ኘላስቲክ»፣ «ፕሪንት» ለማለት «ኘሪንት» ተብሎ ይጻፋል። ኘ ከ«ኘ፣ ኙ፣ ኚ» ቤተሰብ ነው፤ «ፕ» ተብሎ አይነበብም። በመልክ ስለሚቀራረቡ ዓይን ያልፋቸዋል። ጽሑፋችሁ ውስጥ ፕ ያለበትን ቃል ሁሉ አክብቡና ለየብቻ እዩት።

ው እና ዉ። «ነዉ»፣ «ዉበት»፣ «ዉሃ» የተለመዱ ስሕተቶች ናቸው። ትክክሉ «ነው»፣ «ውበት»፣ «ውሃ» ነው። በአማርኛ ቃላት ውስጥ የሚያስፈልገን በአብዛኛው ሳድሱ ው ነው። ስሕተቱ የሚመጣው ከትየባ ነው። በላቲን ፊደል ድምፁን እየጻፉ ወደ አማርኛ በሚቀይሩ ኪቦርዶች ላይ አንድ ተጨማሪ ቁልፍ ሲነካ ው ወደ ዉ ይለወጣል።

ሳድስና ሣልስ በውጭ ቃላት። «ኤሌክትሮንክስ»፣ «ኮስሞትክስ»፣ «ቡትክ» ተብሎ ይጻፋል። ቃሉን ጮክ ብላችሁ ጥሩት። «ኒ»፣ «ቲ» ካላችሁ እንደዚያው ጻፉት፦ ኤሌክትሮኒክስ፣ ኮስሞቲክስ፣ ቡቲክ።

ች እና ቸ፣ ቪ እና ቢ። «ችርቻሮ» እንጂ «ቸርቻሮ» አይደለም። «ቪዲዮ» እንጂ «ቢዲዮ» አይደለም።

ኳ፣ ጓ፣ ቋ። «ኩዋስ»፣ «ጉዋንት»፣ «ቁዋንቁዋ» ቦታም ይፈጃሉ፤ ስሕተትም ናቸው። ኳስ፣ ጓንት፣ ቋንቋ በሉ።

ለማረም ጥሩው ዘዴ ይህ ነው። ማስመሪያ ወይም ወረቀት ጽሑፉ ላይ አድርጉና አንድ ቃል ብቻ እንዲታይ ክፈቱ። ከመጨረሻው ቃል ጀምራችሁ ወደ መጀመሪያው ሂዱ። ከፊት ወደ ኋላ ስናነብ አእምሯችን የጎደለውን ራሱ ይሞላዋል። ከኋላ ስንመጣ ግን የሚሞላው ሐሳብ ስለሌለ ፊደሉን እንዳለ ያየዋል።

5. የሚጣበቀውን አጣብቁ፣ የሚለየውን ለዩ

የ፣ በ፣ ለ እና ከ ብቻቸውን አይቆሙም። «የ ሕፃናት ልብስ»፣ «በ ጅምላ» ስሕተት ነው። «የሕፃናት ልብስ»፣ «በጅምላ» ተብሎ ይጻፋል። «ዎች»ም እንዲሁ፦ «ጫማዎች» እንጂ «ጫማ ዎች» አይባልም።

ከሁሉ የባሰው «ና» ነው። «ልብስ ና ጫማ» ብላችሁ ስትነጥሉት ና የሚለው ቃል «ወደዚህ ቅረብ» የሚል ትእዛዝ ሆኖ ይነበባል። ሁለት አማራጭ አላችሁ። ወይ ከፊቱ ካለው ቃል ጋር አጣብቁት፣ «ልብስና ጫማ»። ወይ ሙሉውን ጻፉት፣ «ልብስ እና ጫማ»። ታፔላ ላይ የመጀመሪያው ይሻላል፤ ቦታ ይቆጥባል።

በተቃራኒው መለየት ያለባቸውም ይጣበቃሉ፦ «ክልክልነው»፣ «ልብስስፌት»። በእነዚህ መሃል ክፍት ቦታ ይኑር።

ይህ ስሕተት ብዙ ጊዜ እናንተ ከጻፋችሁት አይመጣም። ዲዛይነሩ መስመሩን ለመሙላት ወይም ለማሳጠር ስፔስ ሲጨምርና ሲቀንስ ይፈጠራል። ስለዚህ ወረቀታችሁ ላይ ትክክል ቢሆንም ንድፉ ሲመጣ ይህንን ደረጃ ድገሙት።

6. ሰዋስዉን ሳይሆን ሰዋስውን ተመልከቱ

ርእሱ ላይ ራሱ የደረጃ 4 ስሕተት አለ፤ ላስታውሳችሁ ብዬ ነው። አሁን ወደ አረፍተ ነገሩ።

ድርብ ብዙ ቁጥር። «ሕፃናት»፣ «አልባሳት»፣ «መጻሕፍት» ቀድሞውኑ ብዙ ናቸው። «ሕፃናቶች»፣ «አልባሳቶች»፣ «መጻሕፍቶች» ማለት አያስፈልግም።

የቀረ «ን»። «ሞባይልዎ እንጠግናለን» ጎደሎ ነው፤ «ሞባይልዎን እንጠግናለን» ይባላል። «በሩ ይዝጉ» ሳይሆን «በሩን ይዝጉ»። ባለቤትነቱ ካልተገለጸ ግን «ሞባይል እንጠግናለን» ያለ ን ትክክል ነው።

«ዎ»ን መዋጥ። ስንናገር «ስልኮን»፣ «ፀጉሮን»፣ «እርሶ» እንላለን። ስንጽፍ ግን «ስልክዎን»፣ «ፀጉርዎን»፣ «እርስዎ» ነው።

ማን ነው የሚሠራው? «ሞባይል ይጠግናል» ካላችሁ፣ ጠጋኙ ማን እንደሆነ አልተነገረም። «ሞባይል ይጠገናል» ወይም «ሞባይል እንጠግናለን» በሉ።

የቁጥር ስምምነት። «አዳዲስ ጫማዎች ገብቷል» አይሄድም። «ገብተዋል» በሉ፤ ወይም «አዲስ ጫማ ገብቷል»። «ልምድ ያላቸው ሠራተኛ» ሳይሆን «ልምድ ያላቸው ሠራተኞች»።

የቀረ ቅጥያ በዝርዝር ውስጥ። «በጅምላ እና ችርቻሮ» ሳይሆን «በጅምላና በችርቻሮ»። «የወንዶች፣ ሴቶችና ሕፃናት ልብስ» ሳይሆን «የወንዶች፣ የሴቶችና የሕፃናት ልብስ»።

አንተና እርስዎን መቀላቀል። «በሩን ዝጋ። ስለተባበሩን እናመሰግናለን።» አንድ ሰው በአንድ ትንፋሽ አንተም እርስዎም ተባለ። ታፔላ የሚያነበው ማን እንደሆነ ስለማይታወቅ ሁልጊዜ በአክብሮት ጻፉ። «ዝጋ» ሴቷን ደንበኛ ይተዋታል፤ «ይዝጉ» ሁሉንም ያካትታል።

ክልከላ። ከዚህ በላይ ተጠንቀቁለት የምለው የለም። «ያለ ፈቃድ አለመግባት ክልክል ነው» የሚለውን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። የሚከለክለው አለመግባትን ነው። «አለ» የምትለው ወጥታ «ያለ ፈቃድ መግባት ክልክል ነው» መባል አለበት። «ያልከፈለ መውጣት አይቻልም»ም ተወላግዷል፤ «ሳይከፍሉ መውጣት አይቻልም» በሉ። የሚከለከለውን ድርጊት ራሱን በአሉታ አትጻፉት።

7. ሥርዓተ ነጥቡን አስተካክሉ

ስምና የሥራ ዓይነት («የልብስ ስፌት»፣ «የጫማ ጥገና») አራት ነጥብ አያስፈልጋቸውም። ግስ ያለው ሙሉ አረፍተ ነገር ግን («የተሸጠ ዕቃ ተመላሽ አይሆንም።») በአራት ነጥብ ይዘጋል። ከአንድ በላይ አረፍተ ነገር ካለ ደግሞ ግዴታ ነው፤ አለዚያ ሁለቱ ተያይዘው ይነበባሉ።

አራት ነጥቡ ራሱ ትክክለኛው መሆኑን እዩ። ብዙ ጽሑፍ ላይ ሁለት ጊዜ «፡» ተጽፎ «፡፡» ሆኖ ይገኛል። በወረቀት ላይ ልዩነቱ አይታይም። በትልቁ ሲታተም ግን መሃሉ ይሰፋል። መስመር ሲሞላም አንዱ ከላይ ቀርቶ ሌላው ወደ ታች ሊወርድ ይችላል። «።» አንድ ምልክት ስለሆነ አይከፈልም። የላቲኑን «::» መጠቀምማ ጭራሽ አይሆንም፤ ከፊደሉ ጋር በቁመትም በውፍረትም አይገጥምም።

ለዝርዝር የአማርኛውን ነጠላ ሰረዝ «፣» ተጠቀሙ። ከዝርዝር በፊት «፦» ይገባል እንጂ «:-» አይደለም። በቃላት መካከል ክፍት ቦታ ከተጠቀማችሁ የጥንቱን ሁለት ነጥብ ደግሞ አትጨምሩ፤ ከሁለቱ አንዱን ምረጡ።

ምሕጻረ ቃል በሕዝባር ከተጻፈ ሁሉም በሕዝባር ይሁን። ከላይ «ዶ/ር»፣ ከታች «ዶ.ር» አይሁን። «ኃ/የተ/የግ/ማ» የመሰለውን ሰነዱ ላይ እንዳለ ቅዱ።

አንድ ቃል እንዲጎላ ብላችሁ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አታስገቡት። «ትኩስ» በጥቅስ ሲገባ «ትኩስ ነው የሚሉት» የሚል ጥርጣሬ ያመጣል። ማጉላት ከፈለጋችሁ ፊደሉን አወፍሩት። ቃለ አጋኖም አንድ ይበቃል።

ሰዓት ላይ ጠዋትና ማታን ጻፉ። «ከ2 – 1 ሰዓት» ማንንም አይረዳም። «ከጠዋቱ 2፡00 እስከ ምሽቱ 1፡00 ሰዓት» ግልጽ ነው።

8. መስመሩን የት እንደምትሰብሩ እናንተ ወስኑ

ይህንን ለዲዛይነሩ ከተዋችሁት እሱ የሚያየው ስፋቱን ነው። እናንተ ትርጉሙን እዩ። ይህን ተመልከቱ፦

የሕፃናት ልብስ
ስፌትና ጫማ
ጥገና

ስፌቱ የምኑ ነው? ጥገናውስ? እንዲህ ሲሆን ግን ጥያቄው ይጠፋል፦

የሕፃናት ልብስ ስፌት
የጫማ ጥገና

ቃልን መሃሉ ላይ አትስበሩ። በተለይ «አይቻልም» ለሁለት ተከፍሎ «አይ» ከላይ፣ «ቻልም» ከታች ከሆነ ሰው ቆሞ መፍታት ሊጀምር ነው።

ገላጭ ቃልም ቦታ ይፈልጋል። «ያገለገሉ ኮምፒውተሮችና ስልኮች» ሲባል ስልኮቹም ያገለገሉ ይመስላሉ። ስልኮቹ አዲስ ከሆኑ «አዳዲስ ስልኮችና ያገለገሉ ኮምፒውተሮች» በሉ። ሁለቱም የየራሳቸው ገላጭ አላቸው።

9. እንግሊዝኛ ካለ ለብቻው አስነብቡት

ብዙ አልልም። አማርኛውን ቃል በቃል አትቀይሩ፤ በዚያ ቋንቋ ተመሳሳይ ሱቅ ምን እንደሚባል ጠይቁ። ብዙ ቁጥር ለማሳየት ብቻ ከኤስ (s) በፊት አፖስትሮፊ (’) አይገባም። የጽሕፈት ዕቃ የምትሸጡ ከሆነ «ስቴሽነሪ» (stationery) ከመጨረሻው ሦስተኛ ፊደሉ ኢ (e) ነው። በኤ (a) ከተጻፈ «የማይንቀሳቀስ» ማለት ይሆናል።

10. ለሌላ ሰው አስነብቡ

ያንን ጽሑፉን ያላየ ሰው ጥሩት። ምንም ሳታብራሩ ጮክ ብሎ እንዲያነብ ስጡት። የሚደናቀፍበት፣ የሚመለስበት፣ ድምፁ የሚጠይቅበት ቦታ ላይ ምልክት አድርጉ። «ይህ ሱቅ ምን ይሠራል?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ እናንተ ካሰባችሁት ከተለየ ጥፋቱ የጽሑፉ ነው። አታስረዱት፤ አስተካክሉት።

11. ንድፉን ሳታዩ «እሺ፣ አትም» አትበሉ

ጽሑፉን በሶፍት ኮፒ ላኩ፤ ዲዛይነሩ ከወረቀት እያየ እንደገና እንዳይተይበው። በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደሉን አንድ ዓይነት አድርገው በሚያውቁበት የጋራ የፊደል ኮድ፣ የተጻፈ ይሁን። በድሮዎቹ ዩኒኮድ ባልሆኑ ፎንቶች (የፊደል ቅርጾች) የተጻፈ ጽሑፍ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ክምር ሊሆን ይችላል።

አንዳንድ የጌጥ ፎንቶች ሁሉንም ፊደል አያሟሉም። የጎደለው ባዶ ሳጥን ሆኖ ይወጣል፤ ወይም በሌላ ፎንት ተተክቶ ከጎረቤቶቹ ይለያል። ኳ፣ ጓ፣ ፦ እና ቪ ላይ ዓይናችሁን ጣሉ።

ንድፉ በፒዲኤፍ ሲመጣ ደረጃ 4ን፣ 5ንና 8ን ድገሙ። ከዚያ ትንሿን መስመር በእውነተኛ መጠኗ ወረቀት ላይ አትማችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ወደ ኋላ ራቁና በስልክ ፎቶ አንሡ። ፎቶው ላይ ው እና ዉ ካልተለዩ ፎንቱ ቀጭን ነው ወይም ፊደሉ ትንሽ ነው።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ዲዛይነሩ ጽሑፉን ወደ ከርቭ፣ ማለትም ፊደሉን ወደ ሥዕል ቅርጽ፣ ቀይሮ ለማተሚያው ይላክ። ያኔ ማተሚያው ፎንቱ ባይኖረውም ፊደሉ አይለወጥም። ከከርቭ በኋላ ግን ጽሑፉን እንደ ጽሑፍ ማረም ስለማይቻል፣ የሚታረመውን የመጀመሪያ ፋይል አስቀሩ።

ባጸደቃችሁት ንድፍ ላይ «በዚህ ይታተም» ብላችሁ ቀን ጽፋችሁ መልሳችሁ ላኩ። ስሕተት ቢገኝ ከማን እንደመጣ አያከራክርም፤ ድጋሚ ማተሚያውን ማን እንደሚከፍልም ይታወቃል።

ታፔላው ቀድሞ ተሰቅሎ ከሆነ

መጀመሪያ ስሕተቱን መዝኑ። ስልክ ቁጥር ከተሳሳተ ወይም ክልከላ ከተገለበጠ ዛሬውኑ ይሸፈን። ንባብ የሚያበላሽ ከሆነ፣ ለምሳሌ ኘ በፕ ቦታ ከገባ ወይም «ና» ከተነጠለ፣ በቅርብ ቀን ይስተካከል። «እቃ» እና «ዕቃ» ከሆነ ታፔላው እስኪታደስ ሊቆይ ይችላል።

በስቲከር ስታስተካክሉ አንዲት ፊደል ብቻ አትለጥፉ። ፀሐይ የነካው የታፔላ ቀለም ስለሚደበዝዝ አዲሷ ቁራጭ ከሩቅ ትለያለች። መስመሩን ከዳር እስከ ዳር በአንድ ቁራጭ ሸፍኑት።

ፊደሎቹ ከብረት ወይም ከፕላስቲክ ተቆርጠው የተለጠፉ ከሆነ፣ በየጊዜው ቀና ብላችሁ ቁጠሯቸው። «እዚህ አይቁሙ» ከሚለው ላይ «አ» ብትወድቅ የሚቀረው «እዚህ ይቁሙ» ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ መብራት ያለውን ታፔላ ለማረም ኃይሉን ከቆጣሪው አጥፉ፤ ሽቦውን የሚነካው ኤሌክትሪሺያን ይሁን። መሰላል የሚያዝላችሁ ሰው ሳይኖር አትውጡ።

ሲጠናቀቅ ለታፔላ ሠሪው ደውላችሁ የመጀመሪያው ፋይል ላይም ስሕተቱን እንዲያርም አድርጉ። የሚቀጥለው ባነርና ቢዝነስ ካርድ የሚታተመው ከዚያው ፋይል ላይ ነው።